በባክቴሪያ ስለሚጣራ የፍሳሽ ኩሬ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በጎጃም ከተሞች የፍሳሽ ኩሬ የሚያስተዳድሩ፣ ሊያስቆፍሩ ያሰቡ ወይም በኩሬ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዶቹ በአጭሩ ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ያለ ስሌት ስለማይገቡ ረዘም ብለዋል።

ባክቴሪያ ኬሚካልን «ይበላል» ሲባል በእርግጥ ምን ማለት ነው?

አባባሉ ለማስረዳት ያህል የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም፤ ባክቴሪያው በእርግጥ ይመገባል። ለእኛ መርዝ የሆነው ፌኖልም ሆነ የናፍጣ ቅሪት በካርቦን የተገነባ ውህድ ስለሆነ፣ ተገቢው ኢንዛይም ላለው ባክቴሪያ ከስኳርና ከስታርች የማይለይ ምግብ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ውህዱን በኢንዛይሙ ይቆራርጥና ከፊሉን ጉልበት ለማግኘት ከኦክስጅን ጋር ያቃጥለዋል፤ ከፊሉን ደግሞ የራሱን አካል ይገነባበታል። ሂደቱ እስከ መጨረሻው ሲሄድ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ብዛት ያለው አዲስ ባክቴሪያ ነው፤ ይህ አዲስ ባክቴሪያ ውሎ አድሮ ወደ ኩሬው ግርጌ ወርዶ ዝቃጭ ይሆናል። ኦክስጅን በሌለበት ጥልቅ ኩሬ ውስጥ ደግሞ ሌሎች የባክቴሪያ ወገኖችና አጋሮቻቸው ሥራውን ተቀብለው ካርቦኑን ወደ ሜቴን ጋዝ ይለውጡታል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፦ ሊበላ የሚችለው የካርቦን ውህድ እንጂ ማንኛውም በካይ ነገር አይደለም። ብረታ ብረትና ጨው ንጥረ ነገር ወይም ማዕድን በመሆናቸው ወደ ሌላ መልክ ይለወጣሉ ወይም ቦታ ይቀይራሉ እንጂ አይጠፉም። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ አለመግባባቶች ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

በከረጢት የሚሸጠው የባክቴሪያ ዱቄት ያስፈልገናል?

ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ይህ ለሻጮች ደስ የማያሰኝ መልስ መሆኑን አውቃለሁ። እንጀራ የምትጋግር ሴት ለሊጧ እርሾ ከገበያ ስትገዛ አትታይም፤ ካለፈው ቡኮ አስቀርታ ትጠቀማለች፣ የራሷ ካለቀባት ደግሞ ከጎረቤት ትቀበላለች። የፍሳሽ ኩሬም የሚጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ተመሳሳይ ፍሳሽ ከሚያጣራ፣ በደንብ ከሚሠራ ኩሬ ዝቃጭ ይመጣና እንደ እርሾ ይጨመራል፤ ለጥልቁና ኦክስጅን አልባ ለሆነው ኩሬ ደግሞ ትኩስ የከብት እበት በውሃ ተበጥብጦ ቢጨመር ጥሩ ጀማሪ ይሆናል፤ ምክንያቱም በከብት ሆድ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ያለ ኦክስጅን መሥራት የለመዱ ናቸው።

እርሾው ከገባ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ኩሬው መጀመሪያ ከሚገባው ፍሳሽ ጥቂቱን ብቻ ይቀበል፤ መጠኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር። በዚህ ጊዜ ከብዙዎቹ የባክቴሪያ ዓይነቶች መካከል ያንን የተለየ ኬሚካል መብላት የሚችሉት ጥቂቶች ይበዛሉ፣ የማይችሉት ይመናመናሉ። በአንድ ወቅት ያየሁት ኩሬ ይህ ሁሉ ተዘልሎ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ፍሳሽ ስለተለቀቀበት ሦስት ጊዜ ውድ ዱቄት ተገዝቶለት ሦስት ጊዜም ሞቷል፤ ከሁሉ በላይ ችግሩ የነበረው የፍሳሹ ፒኤች (የአሲድነትና የተቃራኒው፣ የአልካላይነት፣ መለኪያ) ከ11 በላይ መሆኑ ነበር፤ ይህንንም ከዱቄቱ በፊት ማንም አልለካውም።

በዓለም ላይ የታየው ልምድም ወደዚሁ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አናንዳ ቻክራባርቲ የተባለው ሳይንቲስት ድፍድፍ ነዳጅ እንዲበላ ላዘጋጀው ባክቴሪያ ባለቤትነት ሊሰጠው እንደሚችል ወሰነ፤ ውሳኔው በሕግ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አገኘ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዲዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ነዳጅ ባፈሰሰች ጊዜ በባሕሩ ዳርቻ ላይ በሰፊው የተረጨው ልዩ ባክቴሪያ ሳይሆን የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ማዳበሪያ ነበር። ነዳጁን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ቀድሞውኑ እዚያው ነበሩ፤ የጎደላቸው ከዘይቱ ጋር የሚመገቡት ማዳበሪያ ነበር። የእኛም ኩሬ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ሳይሆን አየር፣ ጊዜ ወይም የተመጣጠነ ምግብ የጎደለው ነው።

«የተመጣጠነ ምግብ» ሲባል ምን ያህል ነው?

በአየር ለሚሠሩ ባክቴሪያዎች በተለምዶ የሚወሰደው ምጣኔ ለእያንዳንዱ 100 ክፍል ቢኦዲ 5 ክፍል ናይትሮጅንና 1 ክፍል ፎስፎረስ ነው። ቢኦዲ የሚባለው ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ምግብ ለመጨረስ የሚፈልጉት የኦክስጅን መጠን ነው፤ የአረቄ አተላ ወንዝ ውስጥ ቢደፋ ዓሣው የሚታፈነው አተላው መርዝ ስለሆነ ሳይሆን ቢኦዲው ከፍተኛ ስለሆነ፣ ማለትም ባክቴሪያው አተላውን ለመብላት የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው ነው። የቄራና የሰው ፍሳሽ ናይትሮጅን ይተርፈዋል። የጨርቃ ጨርቅና የስታርች ፋብሪካ ፍሳሽ ግን ብዙውን ጊዜ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ዩሪያ መጨመር ወይም የሠራተኞቹን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር መቀላቀል ጠቃሚ ሊሆን ይችላል።

ኩሬው ምን ያህል ስፋት ሊኖረው ይገባል? በባሕር ዳር የሠራ ንድፍ ለደብረ ማርቆስ ይሆናል?

አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን በቁጥር ማየት ይሻላል። በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያወጣ፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 600 ሚሊ ግራም ቢኦዲ ያለው አንድ ድርጅት እንውሰድ። ይህ በቀን 60 ኪሎ ግራም ቢኦዲ ማለት ነው። ፍሳሹ በመጀመሪያ ከ2 እስከ 5 ሜትር ጥልቀት ወዳለው ኦክስጅን አልባ ኩሬ ይገባል፣ ከዚያም 1.5 ሜትር ገደማ ጥልቀት ወዳለው፣ ላዩ በአልጌ (በውሃ ውስጥ በሚበቅሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ተሕዋስያን) ኦክስጅን የሚያገኝ፣ ታቹ ኦክስጅን አልባ የሆነ ሁለተኛ ኩሬ ይሸጋገራል።

በሞቃት አገሮች በሰፊው በሚሠራበት የንድፍ ስሌት መሠረት፣ የሙቀት መጠኑ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የመጀመሪያው ኩሬ ከቢኦዲው 60 በመቶውን ያስወግዳል፤ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው የሚደርሰው 24 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ሄክታር የሁለተኛው ዓይነት ኩሬ በቀን 253 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል። እንግዲህ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ኩሬ፣ ማለትም የሄክታር አንድ አሥረኛ፣ 25 ኪሎ ግራም ይችላልና በጥቂት ብልጫ ይበቃል። ውሃውም በውስጡ 15 ቀን ይቆያል፤ 1,500 ሜትር ኩብ ለ100 ሲካፈል ማለት ነው።

አሁን ሙቀቱን ወደ 15 ዲግሪ እናውርደው። የመጀመሪያው ኩሬ የሚያስወግደው ወደ 50 በመቶ ዝቅ ይላል፣ ወደ ሁለተኛው 30 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ የአንድ ሄክታር አቅም ደግሞ ወደ 167 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ያው 1,000 ካሬ ሜትር ኩሬ የሚችለው 17 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ለተመሳሳይ ፍሳሽ 1,800 ካሬ ሜትር ገደማ መቆፈር ሊያስፈልግ ነው። በ5 ዲግሪ ልዩነት መሬቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ቀረው። ስለዚህ ንድፉ የሚሠራው በዓመቱ አማካይ ሙቀት ሳይሆን እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ወር ሙቀት ነው፤ ከቆላና ከወይና ደጋ የመጣን ንድፍ ለደጋ መገልበጥም ገንዘብን መሬት ውስጥ መቅበር ነው።

ከፍታው የአየር ሥርዓቱን ይነካዋል?

ይነካዋል፤ ይህ ከውጭ በሚመጡ የመሣሪያ መግለጫዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጉዳይ ነው። በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በሊትር እስከ 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። በባሕር ዳር ከፍታ፣ ማለትም 1,800 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ይኸው ውሃ የሚይዘው 7.3 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ 2,400 ሜትር አካባቢ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ 7 አይሞላም። አየር የሚሰጠው ሞተር ኦክስጅንን ወደ ውሃው የሚያስገባበት ፍጥነትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በመግለጫው ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለልና ለንጹሕ ውሃ የተጻፈ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ፣ ከሆነም ለከፍታው ማስተካከያ እንዲደረግበት ማድረግ ተገቢ ነው። በሚሠራው ኩሬ ውስጥ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሁልጊዜ ቢገኝ ለባክቴሪያው በቂ ነው።

አልጌ ባለበት ኩሬ ኦክስጅን የሚለካው ከቀትር በኋላ ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ ነው። ከሰዓት በኋላ አልጌው ፀሐይ ጠጥቶ ውሃውን በኦክስጅን ስለሚሞላው ሁሉም ኩሬ ጤነኛ ይመስላል፤ ሌሊቱን ግን አልጌው ራሱ ተንፋሽ እንጂ ሰጪ አይደለም።

የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ቀለሙ ከለቀቀ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ምናልባት ከሁሉም የሚያሳስተው ጉዳይ ነው። ለማቅለሚያ ከሚውሉት ቀለሞች አብዛኞቹ አዞ (azo) የሚባለው የኬሚካል ወገን ናቸው፤ ቀለማቸውን የሚሰጣቸው ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች የሚያያዙበት ድልድይ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ኩሬ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይህን ድልድይ ይሰብሩታል፤ ውሃውም በዓይን ሲታይ ይነጻል። ነገር ግን ከድልድዩ ግራና ቀኝ የነበሩት ክፍሎች አሮማቲክ አሚን የተባሉ ውህዶች ሆነው ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹም ከመጀመሪያው ቀለም የበለጠ መርዛማ ናቸው፣ ካንሰር በማምጣት የሚታወቁም አሉባቸው። እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው የሚበሉት ኦክስጅን ባለበት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ያለ አየር፣ ቀጥሎ በብዙ አየር መሆን አለበት፤ ሁለተኛውን ያስቀረ ኩሬ ችግሩን ከዓይን ሰውሮ ወደ ወንዙ ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው ነገር ጨው ነው። ቀለሙ ከጥጡ ጋር እንዲያያዝ በማቅለሚያው ውስጥ በብዛት የሚጨመረውን ጨው የትኛውም ባክቴሪያ አይነካውም፤ ከኩሬው እንደገባ ይወጣል። ጨውን መቀነስ የሚቻለው በማቅለሚያ ክፍሉ ውስጥ ነው እንጂ በኩሬው አይደለም።

የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየምስ?

ክሮሚየም አይበላም። በቆዳ ማልፋት ሥራ የሚገባው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ጨው ሲሆን፣ በነባሩ አሠራር ከሚጨመረው 60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ቆዳው ላይ ሲቀር የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ባክቴሪያዎች እጅግ አደገኛውን ክሮሚየም ስድስት ወደ ክሮሚየም ሦስት ሊለውጡት ይችላሉ፤ ክሮሚየም ሦስት ደግሞ ውሃው ወደ አልካላይ ካዘነበለ ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ብረቱ ከውሃው ወደ ዝቃጩ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። የተሻለው መንገድ የማልፊያውን ፍሳሽ ከሌላው ለይቶ መያዝ፣ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፣ የዘቀጠውንም በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ እንደገና ለማልፋት መጠቀም ነው። ክሮሚየም ያለበት ዝቃጭ በፍጹም መቃጠል የለበትም፤ ሙቀት፣ ኦክስጅንና ኖራ ሲገናኙ ክሮሚየም ሦስቱን መልሰው ክሮሚየም ስድስት ሊያደርጉት ይችላሉና።

ከዚሁ ጋር መታወቅ ያለበት የሰልፋይድ ጉዳይ ነው። የፀጉር ማራገፊያው ፍሳሽ ሰልፋይድና ኖራ የበዛበት፣ የማልፊያው ደግሞ አሲዳማ ነው። ሁለቱ ባልተጠበቀ ሁኔታ በአንድ ቦይ ከተገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታው መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰው የሚሞተው በዚያን ጊዜ ነው። ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ወድቆ ራሱን የሳተን ሰው ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ ማከል ነው።

አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ለምን ቶሎ ይሞታሉ?

ቀስ ብለው የሚባዙ በመሆናቸው ነው። ተራው ባክቴሪያ በተመቸው ቦታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ሲችል፣ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ወገኖች በጥሩ ሁኔታም ቢሆን አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ በበረኪና ወይም በኮስቲክ ሶዳ ከተመቱ ለማገገም ሳምንታት ይወስድባቸዋል። በተጨማሪም ለ1 ኪሎ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.6 ኪሎ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈጃሉ፣ ከውሃው አልካላይነትም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳሉ። አልካላይነቱ ሲያልቅ ፒኤቹ ይወርዳል፣ እነርሱም ሥራ ያቆማሉ። መድኃኒቱ ኖራ ነው። በአዊና በምሥራቅ ጎጃም አሲዳማ መሬት ላይ ኖራ ሲበተን ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እዚህ የሚታከመው ውሃ መሆኑ ነው። በሚዛን ጥቂት በጥቂቱ ይጨመር እንጂ በጆንያ አይደፋ።

የፀረ ተባይ መርጫ እጥበት ወደ ኩሬው ቢገባስ?

እንዳይገባ ማድረግ ይሻላል። ማላታዮንን የመሰሉ የፎስፎረስ ወገን ፀረ ተባዮችን የሚሰብሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ዲዲቲ ግን ለአሥርት ዓመታት በአፈርና በደለል ውስጥ የሚቆይ ነው። ለገበሬ የሚመቸው ዘዴ ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የእጥበት ጉድጓድ ነው፦ ግማሹ ገለባ፣ ሩቡ አፈር፣ ሩቡ ፒት የሚባል የረግረግ ብስባሽ ተደባልቆ ይሞላበታል፤ መርጫው በላዩ ላይ ይታጠባል፤ መርዙም ገለባውን በሚያበሰብሱት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ይሰበራል። በእኛ አገር በረግረጉ ብስባሽ ፈንታ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት መጠቀም ይቻላል። የስንዴና የጤፍ ገለባ ደግሞ በጎጃም የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ከኩሬው የወጣው ውሃ አትክልት ሊጠጣበት ይችላል?

እንደ ምንጩ ነው። ክሮሚየም ወይም ብዙ ጨው ያለበት የፋብሪካ ውሃ ለመስኖ አይሆንም። የሰው ፍሳሽ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ሳይበስል የሚበላ አትክልት የሚያጠጣ ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 የማይበልጥ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ፣ በአንድ ሊትር ደግሞ ከ1 የማይበልጥ የሆድ ትል እንቁላል እንዲኖረው ጠይቆ ነበር። ሰላጣና ቃሪያ የሚያጠጣ ሰው በእነዚህ ኩሬዎች ላይ 1 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሦስተኛና አራተኛ ኩሬዎች መጨመር ይኖርበታል፤ ፀሐይና ጊዜ በሽታ አምጪውን የሚገድሉት በእነርሱ ውስጥ ነው።

ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ገባሮች የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፎረሱ ይታሰብ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ የሚወፍረው በእነዚህ ሁለቱ ነው። «ታዲያ እምቦጩን ራሱን በኩሬው ብናበቅለው ያጣራልን የለም?» የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይቀርባል። ማጣራቱን ያጣራል፤ ግን በጎርፍ ጊዜ አንዲት ቅርንጫፍ አምልጣ ወንዝ ብትገባ ጥፋቱ ከጥቅሙ ይበልጣልና በጣና ተፋሰስ ውስጥ ይህ መሞከር የለበትም። በአገሩ የሚበቅለው ደንገል ይበቃል።

ክረምት ሲገባ ኩሬው ለምን ይበላሻል?

በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐይን ስለሚጋርድ አልጌው የሚሰጠው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ጎርፍ ከገባ ደግሞ ባክቴሪያውን ጠርጎ ይወስደዋል። በኩሬው ዙሪያ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከሰኔ በፊት መጠረግ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተቀመጠው ደረጃ በላይ በካይ ነገር ወደ አካባቢ መልቀቅን ይከለክላል፤ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍልም ያስገድዳል። ኩሬ አለኝ ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ የሚታየው የሚወጣው ውሃ ነው።

ዝቃጩ መቼ ይውጣ?

ዝቃጩ የኩሬውን አንድ ሦስተኛ ሲይዝ። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከኩሬው ጥልቀት የሚረዝም እንጨት ተወስዶ የታችኛው ግማሹ በነጭ አቡጀዲ ይጠቀለላል፤ ቀጥ ብሎ እስከ ወለሉ ይወርድና ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ በዝግታ ይወጣል። ዝቃጩ በጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ ስለሚቀር እስከ የት እንደደረሰ በሜትር ይለካል። ይህ በጀልባ ሆኖ በኩሬው አምስት ስድስት ቦታ፣ በተለይም ፍሳሹ በሚገባበት አፍ አካባቢ፣ በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት ተደርጎ ከቀኑ ጋር በደብተር ይመዝገብ፤ ሁለት ሰው ሆኖ መግባት፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መልበስና ነፋስ ከጀርባ እንዲመጣ አድርጎ መቆም አይዘንጋ።